ኢታ ኤቨር በማን ሚዛን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኤስቶኒያዊቷ ተዋናይት ኢታ ኤቨር የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አነበብኩ። ስለ ባልቲክ አገሮች ትያትር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው መገኘቱ በራሱ ደስ ይላል። ደስታዬ ግን ከሁለተኛው አንቀጽ አላለፈም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። ኢታ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ትያትር ቤት ውስጥ ተቀምጣ አረጀች፤ ሆሊውድም አልሄደችም፤ ይህም ድፍረት ማጣት ነው። የተጫወተችበትን ቋንቋ የሚሰማው አንድ ሚሊዮን ሰው ገደማ ስለሆነ ሥራዋም በዚያው ልክ ትንሽ ነው። ሞስኮ ናት የሠራቻት። ከአገሯ ውጭ የታወቀችበት የሚስ ማርፕል፣ ማለትም የአጋታ ክሪስቲ መርማሪ አሮጊት ሚና ከእንግሊዛዊቷ ጆን ሂክሰን የተቀዳ ነው። ከዚያ የተረፈው ጠንቋይና አሮጊት መሆን ነው። ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ ደግሞ አብራ ጠፋች።

ክሱ ብዙ ነው። በጸሐፊው ቅደም ተከተል አልሄድም። የሚያከራክረውን ላቆየውና በቀን መቁጠሪያ ብቻ ከሚፈታው ልጀምር።

ሂክሰንን ቀዳች ስለሚለው ነገር። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ኢታ ሚስ ማርፕልን የተጫወተችበት ፊልም፣ ሞስፊልም የተባለው የሞስኮ የፊልም ድርጅት ሥራ፣ የ1983 ነው። አዘጋጁ ቫዲም ደርቤንዮቭ ይባላል። ርዕሱ ወደ እኛ ሲመለስ «የጥቁር ወፎቹ ምስጢር» ይሆናል። ጆን ሂክሰን በቢቢሲ ሚስ ማርፕል ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በ1984 ታኅሣሥ ነው። ኢታ የሠራችውን ያንኑ ታሪክ ሂክሰን የሠራችው ደግሞ በ1985 ነው። እንግዲህ ማን ከማን ቀዳ? ገና ካልተሠራ ነገር መቅዳት የሚችል ተዋናይ ካለ እኔም ላየው እፈልጋለሁ።

ጸሐፊው ማርጋሬት ራዘርፎርድን ቢሉ ኖሮ ቢያንስ ዘመኑ ይገጥምላቸው ነበር። ራዘርፎርድ ከ1961 እስከ 1964 ባሉት ዓመታት አራት የሚስ ማርፕል ፊልሞች ሠርታለች። ግን እሷ ግዙፍ፣ ጮክ ብላ የምትናገር፣ ሰው የምታስቅ ሴት ናት። አጋታ ክሪስቲ የጻፈቻት ማርፕል ግን ቀጭን ናት፤ ዝምተኛ ናት፤ ክሯንና መርፌዋን ይዛ ጥግ ላይ የምትቀመጥ ናት። በመሃል በ1980 አንጄላ ላንስበሪ ሞክራዋለች። ኢታ ሚናውን ስትይዝ ፊቷ ተዘርግቶ የሚጠብቃት አንድ የጸደቀ አሠራር አልነበረም። ዛሬ ሁላችንም «እውነተኛዋ ማርፕል» የምንላት ሂክሰን ገና አልመጣችም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ታሪኩ ራሱ ስለ ተዋናይቷ ሥራ ብዙ ይነግራል። አንድ ሀብታም ሰው ቢሮው ውስጥ ተመርዞ ይሞታል። ኪሱ ሲፈተሽ የእህል ፍሬ ይገኛል። ከዚያ ሚስቱ ትሞታለች። ከዚያ ግላዲስ የምትባል የቤት ሠራተኛ ታንቃ ትገኛለች፤ አፍንጫዋ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ተደርጎባታል። ሚስ ማርፕል የምትመጣው ያን ጊዜ ነው። ለሀብታሙ ብላ አይደለም የምትመጣው። ግላዲስን ቤት ሥራ ያስተማረቻት እሷ ናት። ልጅቷ የዋህ ነበረች፤ ቆንጆ አልነበረችም፤ ወንድ ሲያሞግሳት ታምን ነበር። መቆንጠጫው ነው አሮጊቷን ከቤቷ ያስወጣት። ሰውን ከገደሉ በኋላ መዘባበት ምን ይባላል?

አሁን አስቡት። ይህን ሚና የምትጫወት ሴት ዘግይታ ነው የምትገባው። ሰው ሁሉ ከእሷ በፊት መጥቷል፤ መርማሪው አለ፤ ቤተሰቡ አለ፤ ሬሳውም አለ። እሷ ደግሞ ሻንጣ የያዘች የመንደር አሮጊት ናት። መጮህ አትችልም፤ መሮጥ አትችልም፤ ሽጉጥ የላትም። ቁጣዋን ጨዋነቷ ውስጥ መደበቅ አለባት፤ ያም ሆኖ ተመልካቹ ቁጣውን ማየት አለበት። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ከሟቿ ከግላዲስ የዘገየ ደብዳቤ ይደርሳታል፤ ፎቶም አለበት። መጀመሪያ እንባ ይመጣል፤ ከዚያ ንዴት፤ ከዚያ ደግሞ «ያዝኩህ!» የሚል የአሸናፊ ስሜት። ሦስቱም በአንድ አሮጊት ፊት ላይ፣ በጥቂት መስመር ውስጥ። እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ሳምንት ካስቲንግ የተገኘች ሴት አትሠራውም። ኢታ ሚናውን የያዘችው 30 ዓመት ያህል መድረክ ላይ ከቆየች በኋላ ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት ሌላ ጥያቄ አለ። እንግሊዛዊት አሮጊት ለመፈለግ ሞስፊልም ለምን እስከ ኤስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ድረስ ሄደ? ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ምዕራባዊ ሰው የሚጫወት ሲፈለግ ዓይን ወደ ባልቲክ የመዞር ልማድ ነበረው። ለሞስኮ አዘጋጆች ኤስቶኒያኖች፣ ላትቪያኖችና ሊትዌኒያኖች የቤት ውስጥ ፈረንጆች ነበሩ ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። የፊልም አዘጋጁ ኮዚንትሴቭ በ1971 «ንጉሥ ሊርን» ሲሠራ ሊርን የሰጠው ለኤስቶኒያዊው ዩሪ ያርቬት ነው። ትልቋ የሊር ልጅ ላትቪያዊቷ ኤልዛ ራድዚኛ ነበረች። ከሊትዌኒያ ደግሞ ባኒዮኒስና አዶማይቲስ መጡ። ያርቬት በቀጣዩ ዓመት በታርኮቭስኪ «ሶላሪስ» ፊልም ውስጥም ታየ።

ግን ይህን ልብ በሉ። በዚያ ታላቅ ፊልም ላይ ሩሲያኛ የሚናገረው ድምፅ የያርቬት አይደለም። ዚኖቪ ገርድት የሚባል ሩሲያዊ ተዋናይ ነው በላዩ የተናገረው። ሞስኮ ፊቱን ወሰደች፤ ድምፁን ግን ሌላ ሰው ሰጠው። ያርቬትን ከነድምፁ፣ ከነቋንቋው መስማት የፈለገ ሰው ታሊን ሄዶ ትኬት መቁረጥ ነበረበት።

ይህ ነገር «ትንሽ ቋንቋ ትንሽ ሥራ» ወደሚለው ክስ በቀጥታ ያስገባኛል።

ጸሐፊው ሚዛናቸው የተመልካች ብዛት ነው። ይሁን። በዚያው ሚዛን እንሂድ። በሶቪየት ዘመን ከኤስቶኒያ የወጣው ትልቁ የሲኒማ ስኬት በ1969 የተሠራው «የመጨረሻው ቅርስ» ነው። ከ40 ሚሊዮን በላይ የሶቪየት ተመልካች አይቶታል። አዘጋጁ ግሪጎሪ ክሮማኖቭ ኤስቶኒያዊ ነው። ታሪኩም የኤስቶኒያ ነው። መሪ ሴቷ ግን ላትቪያዊቷ ኢንግሪዳ አንድሪኛ ናት። መሪ ወንዱ ሩሲያዊው ጎሎቦሮድኮ ነው። ለኤስቶኒያ ተመልካች ሲቀርብ የአገሩ ተዋንያን ድምፅ ሆኑላቸው። አያችሁ? ፊልሙ ሲተልቅ የአገሬው ሴት ፊት ከመሃል ይወጣል። ስለዚህ የኤስቶኒያን ተዋናይት በሚሊዮን የፊልም ትኬት መመዘን ሚዛኑን ከመነሻው ማዝመም ነው።

አገሯ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኤስቶኒያ 1.3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አላት። ከኮሮና በፊት በነበሩት ዓመታት በዓመት የሚቆረጠው የትያትር ትኬት ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። በነፍስ ወከፍ አንድ ሊሞላ ምን ቀረው? ራክቬሬ 15 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ከነተዋንያኑ የራሷ ትያትር ቤት አላት። ቪልያንዲም እንዲሁ። ፓርኑም እንዲሁ። በሐምሌ ትያትር ቤቶቹ ሲዘጉ ተዋንያኑ ወደ ገጠር ይወጣሉ፤ በአሮጌ የመሳፍንት ግቢዎችና ጎተራዎች ውስጥ ይጫወታሉ። ሰው ብርድ ልብስ ይዞ ዝናብ ላይ ተቀምጦ ያያል። እዚያ አገር ትያትር የጥቂት ምሁራን መዝናኛ አይደለም።

ይህም ከሰማይ አልወረደም። የመጀመሪያው የኤስቶኒያ ቋንቋ ተውኔት መድረክ ላይ የወጣው በ1870 ታርቱ ውስጥ ነው። ጸሐፊዋ ሴት ናት፤ ገጣሚዋ ሊዲያ ኮይዱላ። በዚያ ትርኢት የሴቷን ሚና የተጫወተው ግን ወንድ ነበር፤ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነበራ! ከዚያ እስከ ኢታ መመረቅ 83 ዓመት ነው። በዚህ መሃል ጀርመኖች ነበሩ፣ የሩሲያ ዛር ነበር፣ ነጻ አገር ተፈጠረ፣ ጦርነት መጣ፣ ሶቪየት መጣች። ኢታ የሠራችበት የታሊኑ ትያትር ቤት፣ የኤስቶኒያ ድራማ ትያትር፣ ሕንፃው ራሱ በ1910 የታሊን ጀርመኖች ለራሳቸው የሠሩት ነው። ኤስቶኒያኖቹ የገቡበት በኋላ ነው። ጸሐፊው «የአንድ ሚሊዮን ሰው ቋንቋ» ብለው ሲያልፉ ይህን ሁሉ ነው የዘለሉት።

ሞስኮ ሠራቻት የሚለውስ? ግማሹ እውነት ነው። ኢታ በ1931 አፕሪል 1 ቀን ፓይዴ በምትባል የመሃል አገር ትንሽ ከተማ ተወለደች። በ1953 ሞስኮ ከሚገኘው ጊቲስ ከሚባለው የትያትር ተቋም ተመረቀች። በዚያው ዓመት የድራማ ትያትር ገባች። ይህን ማንም አይክድም።

ግን ብቻዋን ሄዳ ሩሲያዊት ሆና የተመለሰች አስመስሎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ያ የኤስቶኒያ ስቱዲዮ፣ ማለትም ለኤስቶኒያኖች የተከፈተ ክፍል ነበር። ተማሪዎቹ በቡድን ሄዱ፤ በቡድን ተመልሰው በኤስቶኒያ ቋንቋ ሊጫወቱ። ከላይ ያነሳሁት ክሮማኖቭ የ1953 ምሩቅ ነው። ካልዮ ኪስክም እንዲሁ። አርቮ ክሩሴሜንትም እንዲሁ። ኪስክ በ1968 የሠራው «እብደት» የተሰኘ ፊልም ሳንሱሩን አስቆጥቶ ለዓመታት ከኤስቶኒያ ውጭ እንዳይታይ ተደርጓል። ክሩሴሜንት በ1969 የሠራውን «ጸደይ» ኤስቶኒያኖች እስከ ዛሬ በቃላቸው ይጠቅሱታል። ሞስኮ እንዲህ ያለ «ምርት» ለማውጣት አስባ ከሆነ ስሌቷ ተሳስቷል።

ዘመኑንም አንርሳ። በ1949 መጋቢት ወር ብቻ ከኤስቶኒያ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ፤ አብዛኛው ሴትና ሕፃን። ኢታ ያን ጊዜ ገና 18 ዓመት አልሞላትም። የእነዚያ ዓመታት ወጣት ነበረች። ስታሊን የሞተው ደግሞ በተመረቀችበት ዓመት ነው። ሞስኮ ሄዶ መማር በዚያ ጊዜ ምርጫ ነበር ወይስ ያለው በር እሱ ብቻ ነበር? ይህን ሳይጠይቁ «የሞስኮ ሥሪት» ብሎ መፍረድ ለእኔ አይዋጥልኝም። እኛም ብንሆን በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ የመጣን ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሩሲያዊ አንለውም።

አሁን ወደ ዋናው። «አንድ ትያትር ቤት ተቀምጣ አረጀች።»

እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር እንደ ምስጋና ነው ያነበብኩት። ጸሐፊው እንደ ስድብ ነው የጻፉት።

የኤስቶኒያ ትያትር ቤት እንዴት እንደሚሠራ ካልገባን ክርክሩ ባዶ ነው። ተዋንያኑ ቋሚ ቡድን ናቸው፤ ደመወዝተኛ ናቸው። አንድ ተውኔት ተሠርቶ በተከታታይ ታይቶ አይጣልም። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛው ይታያል። የተወደደ ተውኔት ለዓመታት ዝርዝር ውስጥ ይቆያል። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ብሔራዊ ትያትርም ሀገር ፍቅርም ደመወዝተኛ ተዋንያን አሏቸው፤ አንድ ተውኔት የራሱን ቀን ይዞ ረዥም ጊዜ ሲሄድ አይተናል። እዚያ አንዲት ተዋናይት ጠዋት የአዲስ ተውኔት ልምምድ ላይ ትውላለች። ማታ አምና የተጀመረውን ትጫወታለች። በማግሥቱ ሌላ ሴት ትሆናለች። የፊልም ቀረጻ ካላት በዚህ መሃል ትሽሎከሎካለች። ትያትር ቤቱ ከመንግሥት ድጎማ ስላለው ትኬት ያልሸጠ ተውኔት ወዲያው አይገደልም፤ ተዋናይቷም ወዲያው አትባረርም።

የዚህ አሠራር ትልቁ ውጤት ምን መሰላችሁ? ዕድሜ ነው።

በነጻ ገበያ የምትሠራ ተዋናይት 40 ዓመት ሲሞላት ስልኳ መደወል ያቆማል። ይህን የትም አገር ጠይቁ፤ ተዋናዮቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ሚናዎቹ ለ25 ዓመቷ ይሄዳሉ። ከዚያ አንዳንዷ 60 ሲሞላት «አያት» ሆና ትመለሳለች። በመሃል ያሉት 20 ዓመታት ባዶ ናቸው። ቋሚ ቡድን ግን ተውኔቱን በቤቱ ባሉት ሰዎች ነው የሚሞላው። ቼኾቭ የተሠራ እንደሆነ ሞግዚቷን የሚጫወት ሰው ያስፈልጋል፤ ሼክስፒር የተሠራ እንደሆነ አሳዳጊዋን፤ የአገር ተውኔት ከሆነ እናቲቱን፣ መበለቲቱን፣ ጎረቤቲቱን። በመሃል ዕድሜ ያለች ሴት ሥራ ፈት አትሆንም። ከዚህም በላይ ተመልካቹ ያው ነው። ኢታን በ1950ዎቹ በወጣትነቷ ያያት ሰው በ1980ዎቹ ልጁን ይዞ መጥቶ አይቷታል። ልጁ ደግሞ የራሱን ልጅ።

ይህ 70 ዓመት ነው። ከ1953 እስከ 2023። እንደዚህ ያለ ነገር ከቤት ወደ ቤት በመዝለል አይመጣም። ጸሐፊው «ድፍረት» የሚሉት መሄድን ብቻ ነው። እዚያው ከተማ፣ እዚያው ቤት፣ ከወጣትነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ሰው ፊት አዲስ ሴት ሆኖ መውጣት ድፍረት አይጠይቅም? ለእኔስ ከመሄድ በላይ ይጠይቃል። እንግዳ ተመልካች ያው ዘዴሽን ሁለተኛ ጊዜ ስትጠቀሚበት አያውቅብሽም። የታሊን ተመልካች ያውቃል።

አንድ ነገር ግን አልክድም። ቋሚ ቡድን ክፉ ጎንም አለው። አዘጋጁ ካልወደደሽ ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሚና ብቻ ታገኛለሽ። አለቃ ሲቀየር ዕጣሽም ይቀየራል። የድራማ ትያትርም ብዙ አለቃ አይቷል፤ ከ1970 እስከ 1976 ሲመራው የነበረው ቮልዴማር ፓንሶ ራሱ የጊቲስ ተማሪ ነበር፤ በ1957 ደግሞ ታሊን ውስጥ የአገሩን የትወና ትምህርት ቤት መሥርቷል። ጸሐፊው በዚህ በኩል ቢመጡ ኖሮ የሚያከራክር ጽሑፍ ይወጣቸው ነበር። አልመጡም።

በነገራችን ላይ፣ ጽሑፉ አንድ ሙሉ አንቀጽ ለትዳሯ ሰጥቷል። ኤይኖ ባስኪንን አግብታ ነበር፤ ተለያዩ፤ ልጃቸው ሮማን ተዋናይና አዘጋጅ ሆነ፤ በ2018 ከእናቱ ቀድሞ አረፈ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ባስኪን በ1980 የድሮ ከተማ ስቱዲዮ የሚባለውን ትያትር ቤት የመሠረተ ትልቅ የኮሜዲ ሰው ነው። ግን ስለ ባስኪን ሲጻፍ የኢታ ባል ተብሎ ነው የሚጀመረው? አይደለም። ይብቃን።

«ጠንቋይና አሮጊት ብቻ።» ይህኛው ክስ ኑኪትሳሜስ ስለሚባለው የልጆች ፊልም ነው። ጸሐፊው «የሩሲያ ተረት» ብለውታል። አይደለም። ኦስካር ሉትስ የሚባል ኤስቶኒያዊ ደራሲ በ1920 የጻፈው የልጆች ታሪክ ነው። ሄሌ ካሪስ በ1981 ፊልም አደረገችው። ኢቲና ኩስቲ የሚባሉ እህትና ወንድም ጫካ ውስጥ ይጠፋሉ። የጫካዋ ጠንቋይ ትይዛቸዋለች። ሁለት ዱርዬ ልጆች አሏት። አንድ ትንሽዬ ቀንድ ያለው ሕፃንም አለ። እህትና ወንድሙ ሲያመልጡ ያን ሕፃን ይዘውት ይሄዳሉ፤ ሰው ቤት ገብቶ ሰው እስኪሆን ድረስ ያለው ጣጣ ነው ፊልሙ።

ጠንቋይቱ ኢታ ናት። ያኔ 50 ዓመቷ ነው። እሷን ሳይ የሚገርመኝ ማስፈራቷ አይደለም፤ ማንም ሜካፕ ተቀብቶ ልጅ ማስፈራራት ይችላል። ጠንቋይቱ የቤት እመቤት ናት። ልጆቿን ትቆጣለች፤ ቤቷን ታስተዳድራለች፤ የሷ ቤት ሥርዓት የሷ ነው። ልጅ ይፈራታል፤ ይስቅባታልም። ሙዚቃው የኦላቭ ኤሃላ ነው፤ ግጥሙን የጻፈው ዩሃን ቪዲንግ ነው። ቪዲንግ ገጣሚ ብቻ አይደለም፤ በዚያው በድራማ ትያትር የኢታ የሥራ ባልደረባ ተዋናይ ነበር። ዘፈኖቹን የኤስቶኒያ ልጆች ዛሬም ይዘፍኗቸዋል። በ40 ዓመት ውስጥ ያደገ ኤስቶኒያዊ ሁሉ የመጀመሪያ ፍርሃቱ የኢታ ፊት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይህን «ብቻ» ብሎ ማለፍ ይቻላል?

እርግጥ ነው፣ ሲኒማው በ50 ዓመቷ አሮጊት አደረጋት። በሁለት ዓመት ልዩነት አንዴ ጠንቋይ፣ አንዴ ሚስ ማርፕል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ካሜራ የሴትን መሃል ዕድሜ አይወድም። ግን ጥፋቱን ለተዋናይቷ ነው የሰጡት። ሲኒማ ያላየውን መድረክ ያየዋል የሚለው ነገር በእሷ ዘመንም አላበቃም። ቲና ማልበርግን ውሰዱ። ለዓመታት በትንሿ ራክቬሬ ከተማ ትያትር ቤት ስትጫወት ኖረች። በ2016 ካድሪ ኩሳር «እናት» በተሰኘ ፊልሟ መሪ ሚናውን ሰጠቻት። ልጇ በጥይት ተመትቶ ራሱን ስቶ ተኝቷል። እናት ታስታምመዋለች። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ወዳጅ እየመጣ ምንም ለማይሰማው ልጅ ምስጢሩን ይዘከዝካል። እናት ቡና ታፈላለች፤ ታጥባለች፤ ታጸዳለች፤ ዝም ትላለች። ፊልሙ በኒውዮርኩ ትራይቤካ ታየ፤ ኤስቶኒያም ለኦስካር ውድድር ላከችው። ያን ዝምታ ማልበርግ ፊልም ላይ አልተማረችውም። በክረምት፣ በራክቬሬ፣ በየማታው የተለማመደችው ነው።

ሆሊውድ አልሄደችም የሚለውን ነገር ባላየ አልፈዋለሁ። በ1960 አንድ የታሊን ተዋናይት ፓስፖርት አውጥታ ሎስ አንጀለስ ትሂድ ብሎ የሚጠብቅ ሰው የዘመኑን ድንበር የት እንደነበር ይጠይቅ።

የቀረው የመጨረሻው ክስ ነው፤ «ሶቪየት ሲፈርስ አብራ ጠፋች።»

ከስክሪን ላይ መታየቷ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ከማን ጋር ግን? ከመላው የኤስቶኒያ ፊልም ጋር። በ1991 ነጻነት ሲመጣ የሞስኮ ገንዘብ ቆመ። የኤስቶኒያው የፊልም ድርጅት ታሊንፊልም እንደ ድሮው ፊልም ማውጣት አልቻለም። በዓመት የሚሠራው ፊልም በጣት የሚቆጠር ሆነ። መንግሥት የፊልም ተቋም አቋቁሞ ነገሩን እንደገና መስመር ለማስያዝ የሞከረው በ1997 ነው። በዚያ መሃል በሲኒማ ብቻ ትኖር የነበረች ተዋናይት ቢኖር በእርግጥ ጠፍታለች። ትያትሩም ቢሆን ተፈትኗል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰው ጎዳና ላይና ዜና ላይ ስለነበር ወንበሮቹ ሳስተው ነበር። ግን በሩ አልተዘጋም። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ነበር። ልምምዱ ነበር። ተመልካቹም ተመለሰ።

ኢታ ሰማንያን ካለፈች በኋላም መድረክ ላይ ነበረች። በ2023 ነሐሴ በ92 ዓመቷ ስታርፍ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ 31 ዓመት አልፎት ነበር። ከ70 ዓመቱ የሥራ ዘመኗ ግማሹ ሊሞላ ጥቂት የቀረው በነጻዪቱ አገር ነው ያለፈው። ጸሐፊው ይህን ግማሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰርዘውታል፤ የሰረዙበትንም ምክንያት አልጻፉም።